ጾመኛው ማሽኔ

ፋናዬ ናት የነገረችኝ። እኔ ምንም አልጨመርኩም፤ እሷ ጨምራ እንደሆነ አላህ ይወቅ። ከታች ትቬትስቱጋ ውስጥ፣ የፎቁ ሰው ሁሉ በተራ ልብሱን የሚያጥብበት ክፍል ማለቴ ነው፣ አንሶላ እያጠፈች ሳለ ያቺ በኢድ መንዙማዬን የምትቀበለው ሳፊያ ጀርባዋን ሰጥታ በስልክ ስታወራ ሰማቻት። "የሩሚሳ ጉሮሮ አለቀለት። ዘንድሮ የኢዱን መንዙማ የማወጣው እኔ ነኝ። ቀሚሴንም አሰፍቻለሁ" ስትል።

ፋናዬ ጎረቤቴ ናት። ጴንጤ ስለሆነች ሰው አታማም። "እማማ ሩሚሳ፣ ይኼ ሐሜት እንዳይመስልዎት፤ የጸሎት ርዕስ ነው" ብላ ነው ሁልጊዜ የምትጀምረው። አላህ ይስጣት፣ በዚህ በጸሎት ርዕስ ስንቱን ጉድ ሰማሁ!

"ቀሚሱ ምን ቀለም ነው?" አልኳት።

"አረንጓዴ ነው አለች።"

"አረንጓዴ? በሷ መልክ? ቃሪያ ልትመስል ነው እንዴ!"

አልኩ ልበላችሁ እንጂ ያልኩትስ አልተሰማም። ከአፌ የወጣው ዘይት ያልነካው በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት ሲጢጥታ ነው። ፋናዬ አንገቷን አስግጋ "ምን አሉኝ?" አለች። ደግሜ ብሞክር ጭራሹን ጠፋ። ሳፊያ አልዋሸችም ማለት ነው። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። ሰው በውሸት ቢያማኝ ችዬ አውቃለሁ፣ በእውነት ሲያማኝ ግን አልወድም።

እንግዲህ ይኼ መንዙማ ለኔ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እዚህ ስቶክሆልም ያለነው የወሎ ሴቶች በየኢዱ ኪስታ አጠገብ አዳራሽ እንከራያለን። ሎካል ነው የምንለው። ወንዶቹ ወዲያ፣ ሴቶቹ ወዲህ። እኔ ድቤውን ይዤ አወጣለሁ፣ ሌላው እያጨበጨበ ይቀበላል። እናቴ ፊደል አላስቆጠረችኝም፤ መንዙማውን ግን አንድ ሳታስቀር አጠጥታኛለች። ሌላ ምን አለኝ? ስዊድንኛ አልችል፣ ቤቱ የልጄ፣ ወንበሩ የልጄ፣ ሪሞት ኮንትሮሉ እንኳ የልጅ ልጄ ነው። ድቤው እጄ የገባ ቀን ግን ያ ሁሉ ልጆቿን ዶክተር ያደረገች፣ ያ ሁሉ ሦስት ቋንቋ የምትናገር ሴት የኔን አፍ ነው የምታይ። ያንን ለሳፊያ ልስጥ? ለዚያውም በአረንጓዴ ቀሚስ?

ጉሮሮዬን የበላው ማሽን ነው።

ስተኛ ትንፋሼ እየቆመ የሚሄድ በሽታ አለብኝ። ማንኮራፋት ብቻ መስሎን ስንት ዓመት ኖርን። በሽታ መሆኑ የታወቀው በሸዋሉል ነው። ሸዋሉል የደሴ ልጅ ናት፤ እሷ ክርስቲያን እኔ እስላም፣ አንድ ግቢ ውስጥ አፈር ፈጭተን ነው ያደግን። ምላሷ ምላጭ ነው። አንድ ቀን ያቺ ሰርክ የምትባለው ሴት ባሏን ከነሻንጣው እንዴት እንዳባረረችው እያወራችልኝ፣ ሻንጣው ደረጃው ላይ ሲደርስ እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሸዋሉል አልቀሰቀሰችኝም። ስልኩን አንስታ ለልጄ ደወለች።

"እናትሽ ታማለች።"

"ምን ሆነች?!"

"ሐሜት እየሰማች ተኛች።"

ልጄ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘችልኝ። አንድ ሌሊት ሽቦ በሽቦ አድርገውኝ አድሬ፣ ትንፋሼ እየቆመ እየተነሳ መሆኑን ነገሩኝና አንድ ማሽን ሰጡኝ። ያንን የመጀመሪያውን ማሽን ሽማግሌው ነበር የምለው። ቀጥ ያለ ሰው ነበር! በአፍንጫዬ ብቻ፣ ከማታ እስከ ጠዋት እኩል ይነፋልኛል። ሲነፋ እንደ ድሮ ወፍጮ ይጮሃል፤ ቢሆንም ተላመድን። ትዳርም እኮ እንዲሁ ነው፣ ጩኸቱን ከለመዱት እንቅልፍ ይወስዳል። ስንት ዓመት አኖረኝ። ሐሜቱንም እስከ መጨረሻው ሰማሁበት።

በሁለት ሺሁ፣ የኛ ሚሊኒየም ሊገባ ሰሞን፣ ሽማግሌው አረጀና ቆመ። ክሊኒኩ በምትኩ አዲስ ሰጠኝ። ትንሽ፣ የዳቦ ሣጥን የምታክል፣ ድምፅ የላት። ኢኽላስ አስተረጎመችልኝ። ኢኽላስ የልጄ ልጅ ናት፤ እዚሁ ስለተወለደች አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ሞርሞር ነው የምትለኝ፣ የእናት እናት ማለት ነው። የሌላ ሰው ስዊድንኛ ባይገባኝም የሷን፣ ቀስ ብላ በእጇም እያሳየች ስለምታወራኝ፣ ለምጄዋለሁ፤ እሷ በሷ ቋንቋ፣ እኔ በኔ፣ ተግባብተን እንኖራለን።

"ይኼኛው ራሱ ያስባል ይላሉ" አለችኝ። ትንፋሼ ሲዘጋ ንፋሱን ይጨምራል፣ ሲከፈት ይቀንሳል አሉ። ማስኩም አፍንጫና አፌን አንድ ላይ ይከድናል። ከሥሩ ደግሞ የውሃ ዕቃ አለው፤ ማታ ማታ ውሃ ይሞላበታል፣ ማሽኑ ለብ ያደርገውና ንፋሱን ያረጥበዋል፣ ጉሮሮ እንዳይደርቅ።

ጥሩ። ሚሊኒየሙ ገባ፤ በማግስቱ ረመዳን ገባ።

አሁን አስቡት። የኔ ልማድ ሌሊት ተነስቼ ሱሁር በልቼ፣ ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ሰግጄ፣ ከዚያ እስከ ረፋዱ ጥቅልል ብዬ መተኛት ነው። ጾምን ግማሹን በእንቅልፍ ካልገፉት በምን ያልቃል? እና ያ ማሽን በጾም ሰዓት ውሃ በአፍንጫዬ ሊያስገባ ነው! በአፌ ያልጠጣሁትን በአፍንጫዬ ልጠጣ? ሱሁር ላይ እንዳልደፋው ደግሞ፣ እንቅልፍ የያዘው ሰው ይረሳል። ብትረሽስ ሩሚሳ? አልኩ ለራሴ። ጭራሹን ባይነካ ይሻላል። ዕቃውን እንደመጣ መልሼ ከተትኩት። ማሽኑም አብሮኝ ጾመ። እኔ እንኳ ፀሐይ ስትጠልቅ አፈጥራለሁ፤ እሱ ግን ቀንም ሌሊትም ጾመኛ ሆነ።

ከዚያ የመጣብኝን መከራ ላውራላችሁ። ጠዋት ስነሳ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተለጥፏል፤ በጣቴ ነው የማላቅቀው። አፍንጫዬ ድርቅ ብሎ ይደማል። የአፍንጫዬ ድልድይ በማስኩ ተልጦ፣ ያዩኝ ሁሉ "ማን መታሽ?" ይላሉ። አንድ ሁለቱን እንዲጠረጥሩ ትቼ ዝም አልኳቸው፣ ለጨዋታ።

ከሁሉ የባሰው ሆዴ ነው። ያ የሚያስብ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ አስቦ አስቦ ንፋሱን ሆዴ ውስጥ ነው የሚያጠራቅመው። ስነሳ ድቤውን የዋጥኩ ነው የምመስል። ያ ንፋስ ደግሞ መውጫ ይፈልጋላ! ውዱዕ አድርጌ፣ ለሶላት ታጥቤ ማለቴ ነው፣ ገና ከመታጠቢያ ቤቱ ሳልወጣ ሆዴ ያፈርስብኛል። እመለሳለሁ፣ እታጠባለሁ፣ ደግሞ ያፈርሳል። ለተራዊህ፣ ለረመዳን የማታ ሶላት፣ ሄጄ ኢማሙ ገና ለሩኩዕ ጎንበስ ሲል እኔ በሴቶቹ መሀል ወደ ውጭ። ስመለስ ደግሞ እንደገና ወደ ውጭ። የጫማዬን ቦታ እንደኔ ያወቀ ሰው የለም። አጠገቤ የምትሰግደው ሳፊያ "እህቴ ሩሚሳ፣ ሆድሽን አሞሽ ነው?" አለችኝ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ እንዳዘነ ሰው።

ከዚያ በኋላ ነው ጉሮሮዬ የተዘጋው። አንድ ቀን ሻከር አለ፣ በነጋታው ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ሲጢጥ ብቻ ሆነ። ፋናዬ ያን የጸሎት ርዕስ ይዛልኝ የመጣችው ይኼን ጊዜ ነው።

ፋናዬ ከሄደች በኋላ ማሽኑን ነቅዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ዶልኩት። "ተኛ አንተም!" አልኩት። ድምፄን የወሰደው እሱ ከሆነ ያለሱ ልደር፣ እስከ ኢድ ነው፣ ማን ይሞታል?

ልሞት ነበር። እንዳንኮራፋሁ አደርኩ፤ ጠዋት ራሴ ሊፈነዳ ነው። ቀን ቱኔልባናው ላይ፣ ያ ምድር ለምድር የሚሄደው ባቡር ላይ፣ ኪስታ እወርዳለሁ ብዬ እንቅልፍ ወስዶኝ አካላ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ሹፌሩ ቀሰቀሰኝ። ዙሑር ስሰግድ ሱጁድ ላይ ግንባሬን እንዳስነካሁ ቀረሁ። እዚያው ተኛሁ! ሸዋሉል ልትጠይቀኝ መጥታ አጠገቤ ወንበር ስባ ስትጠብቅ ስትጠብቅ፣ "ይች ሴት ዛሬ ስንት ኃጢአት ነው የምትለምንበት?" ብላ ጠርጥራ ነካ ብታደርገኝ በጎኔ ተንከባለልኩ።

"ማሽንሽስ?" አለችኝ።

ወደ ቁም ሣጥኑ በጣቴ አሳየኋት።

"ምን አጥፍቶ ታሰረ?"

"ድምፄን በላኝ" አልኳት፣ በሹክሹክታ። ሳፊያ ያለችውን ነገርኳት። አረንጓዴውንም ነገርኳት።

ሸዋሉል ቁም ሣጥኑን ከፍታ ማሽኑን እንደ ሕፃን አቀፈችው። "ስሚ ሩሜ" አለች። "መንዙማ ለማውጣት መጀመሪያ በሕይወት መኖር ያስፈልጋል። ሬሳ ድቤ ሲመታ አይቼ አላውቅም። ተነሺ! ኢኽላስን ጥሪያት፣ ክሊኒክ እንሄዳለን።"

"የውሃውን ነገር ከሰሙ አትጹሚ ይሉኛል።"

"የምን ውሃ?"

ወይ አፌ! ነገርኳት። ሸዋሉል ማሽኑን እንዳቀፈች ተቀመጠች፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። "ማሽን አስጾምሽ! ለኛ ሁዳዴ ያልበቃ ጾም!" ብላ ተንከተከተች። ለክሊኒኩ ነርስ ግን እንደማትናገር በማርያም ማለች።

ክሊኒኩ ገባን። ነርሷ ጉኒላ ትባላለች፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ፊቷ የማይቆጣ የማይስቅ። ከማሽኑ ላይ አንድ ጥፍር የምታክል ካርድ መዝዛ ኮምፒውተሯ ውስጥ ከተተች። ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ መቼ እንዳወለቅኩት፣ ማስኩ ስንቴ ንፋስ እንዳፈሰሰ፣ አንድ ሳይቀር ዘረገፈላት! ከኔ የባሰ ወሬኛ ቤቴ አስቀምጬ ኖሯል።

ከዚያ ጉኒላ ረጅም ጥያቄ ጠየቀች። ኢኽላስ ቀላች።

"ምን አለች?" አልኩ።

"ምንም" አለችኝ በስዊድንኛ።

"ምንም ለማለት ይኼን ያህል ታወራለች?"

ኢኽላስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ነርሷ እንዳትሰማባት ይመስለኛል፣ አማርኛ ከአፏ ወጣ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፦ "ሞርሞር… ፈስ አለ ወይ ነው።"

"አለ ወይ?! በያት፣ አለ ወይ አይባልም! ሌላ ነገር አለ ወይ ብላ ትጠይቅ!"

ኢኽላስ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሸዋሉል ከኋላዬ "እሱን አታስተርጉሚ ልጄ፣ በእጅ አሳያት" አለች። ጉኒላ ሳይተረጎምላት ገባት። ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፣ አሳፋሪ አይደለም አለች፤ አፍ ሲደርቅና ሲከፈት ንፋሱ ያመልጣል፣ ማሽኑ ደግሞ ጎደለ ብሎ ይጨምራል፣ ሰውየው የመጣውን ሁሉ ይውጠዋል። ግን ለምን ይኼን ያህል ደረቀ? ብላ የውሃ ዕቃውን መዝዛ አወጣችው።

ከፋብሪካ ሲመጣ ውስጡ የሚለጠፈው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው።

ጉኒላ ወረቀቱን አየች። እኔን አየች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ኢኽላስ "ሞርሞር?" አለች። ሸዋሉል አልቻለችም።

"ጾም ላይ ነው በያት።"

"በማርያም ብለሽ ምለሽ አልነበር!" አልኳት።

"ማርያም እሷ ራሷ ብትኖር ትናገር ነበር።"

አለቀ፣ አልኩ በሆዴ። አሁን አትጹሚ ትለኛለች፣ ልጄ ትሰማለች፣ እንደ ሕፃን በቀትር ወጥ ልታጎርሰኝ ነው። ጉኒላ ግን ወንበሯን ሳበችና ጉልበቴ አጠገብ ተቀመጠች።

"ማታ ይበላሉ?" ብላ በኢኽላስ በኩል ጠየቀችኝ።

"አዎ።"

"ይጠጣሉ?"

"ኧረ እንደ ግመል!"

"እንግዲያውስ ማሽኑም ማታ ይጠጣ።"

በቃ። ይኼው ነው ያለችው። ተራዊህ እንደጨረስኩ ወሬ ሳላበዛ ልተኛ፣ ማሽኑ ውሃውን ይዞ ይደር፤ ሱሁር ስነሳ ውሃው ይደፋ፣ ዕቃው ይታጠብ፣ እኔም ከዚያ በኋላ አልተኛ። የጠዋቷን እንቅልፍ ልሰዋት ማለት ነው። ንፋሱ ከመጠን እንዳያልፍም ገደብ አበጀችለት። ማስኩንም አፍንጫ ብቻ በሚይዝ ለወጠችልኝና፣ አፌ እንዳይከፈት ከአገጬ እስከ አናቴ የሚታሰር ጨርቅ ሰጠችኝ። ትራስ ከፍ አድርጊ፣ በጎንሽ ተኚ አለችኝ። ስንወጣ እጇን ጨብጬ በአማርኛ መረቅኳት። ኢኽላስ ምን እንዳልኩ ስትጠየቅ አጭር ነገር ብላ አለፈችው። ያ ሁሉ ምርቃት በአንድ ቃል ሲያልቅ አዘንኩ።

ወዲያው ዳንኩ እንዳይመስላችሁ! የመጀመሪያዋን ሌሊት አገጬን አስሬ ስተኛ ልጄ በሩን ከፍታ "ያ አላህ!" ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው፤ በኛ አገር አገጩ የሚታሰረው የሞተ ሰው ነው። "ገና ነኝ፣ ዝጊው!" አልኳት። በቀጣዩ ሌሊት ደግሞ ቱቦው ውስጥ ውሃ እየተንቆረቆረ አፍንጫዬ ላይ ጠብ ጠብ ሲል የሰጠምኩ መስሎኝ ብድግ አልኩ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ክፍሉ ይበርዳል፣ ማሽኑ የሚነፋው እንፋሎት ሙቅ ነው፤ በብርድ ድስት ክዳን ላይ ላብ እንደሚያዝ ማለት ነው። እና ምን ይሻላል? ብርድ የያዘውን ማልበስ ነዋ! የድሮ ሻሼን አውጥቼ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች ጠቀለልኩት። ቀጥ አለ፤ አንዲት ጠብታ የለም። ጉኒላ በኋላ ስታየው ሰውም ሲያደርገው አይታ እንደምታውቅ ነገረችኝ። እኔ ግን የኔ ፈጠራ ነው ብዬ ነው የማወራው።

የጠዋቱ እንቅልፍ ነው ያስለቀሰኝ። ሱብሒ ሰግጄ አልጋዬን ሳይ፣ አልጋዬ እኔን ስታየኝ! ቤት ከዋልኩ እንደምሸነፍ ስላወቅኩ ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። እኛ ሰፈር፣ ሑስቢ፣ ጎህ ሲቀድ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ሁሉ ዓመት ተኝቼ ምን እንዳመለጠኝ! ማን ከማን በር እንደሚወጣ፣ ማን ጫማውን በእጁ ይዞ ደረጃ እንደሚወርድ፣ ለሥራ ሜርስታ እሄዳለሁ የሚለው ጎረምሳ በየት በኩል እንደሚታጠፍ… ስም አልጠራም፣ ረመዳን ነበር። ለሸዋሉል ብቻ ነው የነገርኳት።

ከቤቶቹ ጀርባ ያ ሰፊው የጄርቫ ሜዳ አለ፤ ላሞች ይግጡበታል። አንድ ጠዋት እዚያ ስደርስ ሆዴ ጠፍጣፋ፣ አፍንጫዬ የተከፈተ፣ ራሴ የጠራ ሆኖ ተሰማኝ። ማንም የለም። እስቲ አልኩና በቀስታ አንዷን መንዙማ ጀመርኩ። ሲጢጥ የለም! ወጣች! ከፍ አደረግኳት። ላሞቹ መጋጥ አቁመው ቀና አሉ። ደገምኩ። እንባዬ ወረደ። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ለላሞች አወጣሁ፤ ለመቀበል ባይሆኑም እንደ ሰው አያቋርጡም።

ይኼን ለማንም አልተነፈስኩም። ለፋናዬ ብነግር በሰዓቱ የጸሎት ርዕስ ይሆናል። ሸዋሉል ብቻ ናት የምታውቀው። ሰው ፊት ሲጢጥ እላለሁ፤ ተራዊህ ላይ ሳፊያን ሳያት ጉሮሮዬን ይዤ እስላለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ "ሳፊያዬ፣ ለኢድ ማር ይሻላል ዝንጅብል?" ብዬ ጠየቅኳት። "አይ እህቴ፣ አሁንማ ዕረፍት ነው የሚሻልሽ" አለችኝ፣ ትከሻዬን እየዳበሰች። እንዴት ሆኜ ሳቄን እንደያዝኩት አላህ ያውቃል።

ኢድ ሆነ። ሎካሉ ሞላ። ሽቶው፣ ሕፃኑ፣ ሳህኑ፣ ጫማው! ሸዋሉልም እንደ ልማዷ ነጭ በነጭ ለብሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሳፊያ ገባች። አረንጓዴ፣ እስከ መሬት፣ ወርቅማ ጥለት ያለው። ዋሽቼ አላውቅም፣ አምሮባታል። ይኼም አናደደኝ።

በኛ ዘንድ ድቤውን ለአዲስ አውጪ የሚሰጠው የአምናው አውጪ ነው፤ መርቆ ያስረክባል። ሳፊያ ድቤውን በሁለት እጇ ይዛ ፊቴ መጥታ በርከክ አለች፤ ሴቱም ሁሉ ያየናል። አዝነውልኛል። አንዷማ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ።

"እህቴ ሩሚሳ፣ ለወጉ ያህል ያዢውና መርቀሽ ስጪኝ። ድምፅሽን አታድክሚ፣ በልብሽ መርቂኝ።"

ድቤውን ተቀበልኳት። ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አንዴ ሳልኩ፣ ረዘም አድርጌ፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ሳፊያ እጇን ዘረጋች።

ድም! አደረግኩት።

ከዚያ አወጣሁ። ከታች አልጀመርኩም፤ ከላይ ነው የጀመርኩት፣ እናቴ ጋራ ለጋራ ስትጠራ ከምታወጣበት። ድምፄ ጣሪያውን ነክቶ ሲመለስ እኔም ራሴ ደነገጥኩ። ያቺን ረጅሟን፣ አምና መሀል ላይ ትንፋሽ የሰረቅኩባትን፣ ሳልቆርጥ ወሰድኳት፤ ወሰድኳት፤ ሴቱ አሁን ታቆማለች፣ አሁን ታቆማለች ሲል እኔ ገና ነበርኩ። ስጨርስ መቀበሉንም ረስተውታል። ከዚያ ሎካሉ በአንዴ ፈነዳ! እልልታው፣ ጭብጨባው! ከወንዶቹ በኩል ሳይቀር "አብሽሪ!" የሚል ተሰማ። ኢኽላስ ወንበር ላይ ቆማ ታጨበጭባለች፣ ቃሉን ሳታውቀው እየተቀበለች። ደገምኩላቸው። ሠለስኩላቸው። ላቤን በሻሼ ጠርጌ አራተኛዋን አወጣሁ። ሆዴ? አደብ ገዝቷል። ውዱዔ? እንዳለ ነው!

ለዕረፍት ድቤውን ሳስቀምጥ ሴቱ እየተንጋጋ መጥቶ አቀፈኝ፤ "ምን በላሽ? ምን ጠጣሽ?" ይላል። እኔም አልደበቅኩም፣ ማሽኑን፣ ውሃውን፣ ሻሹን ሁሉ ነገርኳቸው። ይኼን ጊዜ ሳፊያ ከነአረንጓዴዋ ከኋላ ብድግ አለች።

"ታዲያ ምን ይገርማል?" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "የራሷ ትንፋሽ መሰላችሁ እንዴ? ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጎማ በማሽን እየተነፋች አድራ! እኔንም በማሽን ቢነፉኝ አወጣ ነበር።"

አንዳንዶቹ ኪኪኪ አሉ። አንዷ "ለካ!" አለች። ሳቁ ከጥግ ወደ ጥግ ሊዞር ሲል፣ ሸዋሉል ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ የቴምሩን ፍሬ ከአፏ አውጥታ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየቻት።

"ሳፊያ፣ ማሽኑ የሚሰጠው ንፋስ ብቻ ነው። ንፋስማ አንቺም ሞልቶሻል፤ እስቲ አንድ ስንኝ አውጪበት።"